አረንጓዴዋ ክሮሚስ

በቤቱ የጨዋማ ውሃ ዓሣ ለሚያኖር ሰው ከአረንጓዴዋ ክሮሚስ የተሻለ ዓሣ አላውቅም። ከቀይ ባሕር አንስቶ እስከ ፓስፊክ ደሴቶች ድረስ፣ ቅርንጫፋም ኮራል ባለበት፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ በመንጋ ትኖራለች። ብርሃን ሲያርፍባት ቅርፊቷ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ውሃ ሰማያዊ ይሆናል።

ከመልኳ ይበልጥ የምወደው ግን አኗኗሯን ነው። መንጋው ከኮራሉ በላይ ሆኖ ሞገድ የሚያመጣቸውን ጥቃቅን እንስሳት ይለቅማል፤ የሚያሰጋ ጥላ ሲያልፍ ሁሉም በአንድ ቅጽበት በቅርንጫፎቹ መካከል ይሸሸጋሉ። ኮራሉም ይጠቀማል፤ ከዓሦቹ የሚወጣው አሞኒያ በውስጡ ለሚኖሩት አልጌዎች ምግብ ነው።

ከሌሎች ዓሦች ጋር ሰላማዊ ናት፤ በመንጋው አባላት መካከል ግን የበላይና የበታች አለ። ገንዳው ከጠበበ ጉልበተኛው ደካማውን እያሳደደ መንጋው ይመናመናል። ስለዚህ ሰፊ ገንዳ፣ በቂ መሸሸጊያ፣ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሞቅ ውሃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በቀን ደጋግሞ በትንሽ በትንሹ የሚመግብ እጅ ያስፈልጋታል። ያኔ ወንዱ በመራቢያው ጊዜ ወደ ቢጫ ሲለወጥ፣ እንቁላሎቹንም እስኪፈለፈሉ በክንፉ እያራገበ ሲጠብቅ የማየት ዕድል ይኖራል፤ ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ደስታ ይህ ነው።