ዕድሜ በሴት ገጽ ላይ

በአውሮፓ የሥዕል ታሪክ የሴት ውበት ከወጣትነት ጋር ተቆራኝቶ የኖረበት ዘመን ረጅም ነው። አሮጊት በሸራ ላይ ስትቀርብም ብዙውን ጊዜ የምትቀርበው ስለ ራሷ ሳይሆን ለሌላው ተግሣጽ እንድትሆን ነበር። የቬኒሱ ሠዓሊ ጆርጆኔ እ.ኤ.አ. በ1506 ገደማ እንደ ሣለው የሚነገረው «አሮጊቷ» ለዚህ አብነት ነው። አፏ ገርበብ ብሎ የጎደሉ ጥርሶቿ ይታያሉ፤ እጇ ወደ ደረቷ ያመለክታል፤ በያዘችው ብጣሽ ወረቀት ላይም «ከጊዜ ጋር» የሚል የጣሊያንኛ ቃል ሰፍሯል። ሠዓሊው ቆዳዋን በታላቅ ጥንቃቄ መርምሯል። ይሁን እንጂ ያ አጭር ጽሑፍ ሴቲቱን የወጣቶች ማስጠንቀቂያ ያደርጋታል፤ ማንነቷም በምሳሌነቷ ይሸፈናል።

ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1634 በሣላትና ዛሬ በለንደን ብሔራዊ ጋለሪ በምትገኘው አኽየ ክላስዶኽተር ሥዕል ላይም ጽሑፍ አለ፤ ነገር ግን ዕድሜዋን የሚገልጽ «83» የሚል አኃዝ ነው። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው ሠዓሊ የላላውን የዐይን ቆብ፣ የተጨማደደውን ጉንጭ አንድ በአንድ ተከትሏል። ከነጩ ሰፊ አንገትጌ በላይ የምትታየው የትኛዋም አሮጊት ሳትሆን ስም ያላት አንዲት ሰው ናት። ሆኖም እርሷ አሁንም ተመልካች እንጂ ሠሪ አይደለችም፤ ፊቷን የሚተረጉምላት ሌላ ነው።

ይህን ድንበር የተሻገረችው አሜሪካዊቷ አሊስ ኒል ናት። እ.ኤ.አ. በ1975 ጀምራ በ1980፣ በ80 ዓመቷ በፈጸመችው የራሷ ምስል፣ ሰማያዊ መስመር ባለው ወንበር ላይ እርቃኗን ተቀምጣለች። ጡቷ ወርዷል፤ ሆዷ ተዘርግቷል፤ ጉንጮቿ ቀልተዋል። መነጽሯን አድርጋ በአንድ እጇ ብሩሽ፣ በሌላው መወልወያ ጨርቅ ይዛለች። ሥዕሉን ከፍ የሚያደርገው ይህ የሥራ መሣሪያ ነው፤ ተመልካቹ የሚያየው አካል፣ መልሶ የሚያየውና የሚሠራ አካል ነውና።

የቆዳ መጨማደድን «የጥበብ ምልክት» እያሉ ማሞገስ በወጣቷ ፊት ላይ ቀለም እንደ መቀባት ያለ ሌላ ማቆንጀት ነው። ኒል ለራሷ ይህን መጽናኛ አልሰጠችም። የቁም ሥዕል ሠዓሊ አሮጊትን ሲሥል ሊመዘን የሚገባውም በዚህ ነው፤ ለዕድሜዋ ባዘነው ወይም ባወደሰው መጠን ሳይሆን፣ ከዕድሜዋ ጋር ሴቲቱን ራሷን ባየው መጠን።