በደብዳቤው ውስጥ ያልተጠራችው ተማሪ

የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረ ሰው ክፉ አመል አለበት፤ እጁ የገባውን ጽሑፍ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ያነባል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 መጨረሻ አንዲት ወዳጄ ደወለችልኝ። ልጇ ሐርቫርድ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። «አንተ ደብዳቤ ማንበብ ታውቅበታለህ፤ ፕሬዚዳንቱ የጻፉት ስለ ልጄ ምን ይላል? ለዕረፍት ትምጣ ወይስ እዚያው ትቆይ?» አለችኝ።

ፕሬዚዳንት አለን ጋርበር ኤፕሪል 14 ቀን ያወጡትን ደብዳቤ እንደገና አነበብኩት። የትራምፕ መንግሥት ዩኒቨርሲቲው የቅጥርና የቅበላ አሠራሩን እንዲለውጥ፣ የአሜሪካን እሴቶች ይጠላሉ የሚባሉ የውጭ አመልካቾችን እንዲያጣራ፣ ደንብ የጣሱ የውጭ ተማሪዎችንም እንዲያሳውቅ ጠይቆ ነበር። ጋርበር እምቢ አሉ። በዚያው ቀን ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ የምርምር ገንዘብ ታገደባቸው። እምቢታቸውን አከብራለሁ። ኮሎምቢያ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ከ220 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማምቶ ነው ከመንግሥት ጋር የታረቀው።

ጽሑፉ ግን ይተቻል። የሚጀምረው ከምርምርና ከሕክምና ነው፤ ለግብር ከፋዩ «እንጠቅምሃለን» የሚል ክርክር ነው። ብልህነት አለው። የወዳጄ ልጅ ግን ያለችው «ማንን እንቀበል» በሚል ሐሳብ ውስጥ ተጠቅልላ ነው። መንግሥት «የውጭ ተማሪ» ብሎ ለይቶ ጠራት፤ ዩኒቨርሲቲዋ አልጠራትም።

በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን ሲባረሩ ተማሪ ነበርኩ። ስለ አካዳሚ ነፃነት ያን ሰሞን ብዙ ተወራ። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የቸገረኝ ነገ ክፍል ስገባ ማን እንደሚያስተምረኝ ነበር።

ሜይ 22 ቀን መንግሥት ሐርቫርድ የውጭ ተማሪ የመቀበል ፈቃዱን ነጠቀ። 6,800 ገደማ ተማሪዎች፣ ከጠቅላላው ሩብ በላይ፣ ወይ ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጉ ወይ ውጡ ተባሉ። ዩኒቨርሲቲው በማግስቱ ከሰሰ፤ ዳኛዋም በዚያው ዕለት ውሳኔውን አገዱት። የክሱ ወረቀት፣ ያ ደረቅ የጠበቃ ጽሑፍ፣ ሐርቫርድ ያለ ውጭ ተማሪዎቹ ሐርቫርድ አይደለም ይላል። ጋርበርም ሜይ 29 ቀን በምረቃው ላይ ከዓለም ዙሪያ የመጡትን ተቀብለው፣ መሆን ያለበትም ይኸው ነው ሲሉ ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ። ጥሩ ንግግር ነው፤ ግን ስድስት ሳምንት ዘግይቷል። ለስልት ነው ያዘገዩት ይባል ይሆናል፤ ይሁን። ስልቱን ልጅቷ ከየት ታውቀዋለች?

ለወዳጄ «ደብዳቤው ስለ እሷ ዝም ይላል፤ ክሱ ግን ይናገርላታል፤ ቢሆንም ባትመጣ ይሻላል» አልኳት። ጁን 4 ቀን ትራምፕ ለሐርቫርድ ትምህርት የሚመጡ አዲስ የውጭ ተማሪዎች አገር እንዳይገቡ አዋጅ አወጡ። እሱንም ፍርድ ቤት አገደው። ልጅቷ አልመጣችም፤ ሽሮና በርበሬ በሰው ተላከላት።