ጊዮርጊስ እዚህ ምን ይሠራል?

ተማሪ ጎበዝ መሆኑን ለማወቅ ቅኔውን ሰምቶ መፍረድ የተለመደ ነው። እኔ ግን ለነገ ምን እንዳሰበም መጠየቅ እወዳለሁ። ቅኔው እስከ ዛሬ የደረሰበትን ይናገራል፤ ዕቅዱ ደግሞ ከዚህ ወዲያ ማደግ አለማደጉን። ሰው ራሱን ለማሻሻል ያወጣው ግብም እንደ ማንኛውም የእጅ ሥራ ሊገላበጥና ሊፈረድበት ይችላል። ቤቱ አምሮ የሚመታ፣ ሲፈቱት ግን ምሥጢር የሌለው ቅኔ እንዳለ ሁሉ፣ ሲያወሩት ደስ የሚል፣ ሲይዙት ግን ባዶ የሆነ ግብ አለ።

ይህን ዓይነቱን ፍርድ ለመማር ምሥራቅ ጎጃም ጥሩ አገር ነው። ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፤ ሦስቱም ለዘመናት ተማሪ ከየአገሩ እየተጠራራ የጎረፈባቸው የትምህርት ቦታዎች ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ከመሻገራቸው በፊት የቤተ ክህነቱን ትምህርት የተማሩት በነዚሁ በሦስቱ ነው። ስለ አገሩ ስም ግን ብዙ ተብሏል፤ ወደ ሥራው ልግባ።

የቅኔ ቤት ውሎ እንደየመምህሩ ሰዓቱ ቢለያይም ሥራው ያው ነው። የኔታ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ተማሪው ይሰማል፣ ይይዛል። ግስ ይወርዳል፣ አገባብ ይጠየቃል። ከዚያ ደበሎውን ለብሶ ከሰው ይርቅና ከዛፍ ሥር ወይም ከጥሻ ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ያዘጋጃል ማለት ነው። መሀል ላይ ደግሞ ሆድ አለ፤ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የመንደሩን ውሻ በዱላው እየከላከለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሽ ይዞ መመለስ አለበት። አመሻሽ ላይ የቆጠረውን ቅኔ ሰምቶ ለሚፈርደው ለአስነጋሪው ወይም ለየኔታ ይነግራል፤ ይህ ነገራ ይባላል። ሌላ ፈተና የለም፤ የቀኑ ሥራ የሚፈተነው በዚያው ዕለት ነው።

የቅኔው መሰላልም የታወቀ ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ ሦስት ሦስት፣ ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴ ስድስት እያለ መወድስ ስምንት ላይ ይደርሳል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተውም እዚሁ መሰላል ላይ ነው። «ለጥምቀት ሥላሴ፣ ለፋሲካ መወድስ» ብሎ ያቅዳል። ስትሰማው ቁም ነገር ይመስላል፤ ቀን አለው፣ መድረሻ አለው። ነገር ግን ጠዋት ተነሥቶ ጥሻው ውስጥ ሲገባ ምን እንዲሠራ ይነግረዋል? ምንም። መወድስ ቤት የሚያገቡት የኔታ ናቸው፤ ግቡ በሌላ ሰው እጅ ነው ማለት ነው። ይባስ ብሎ ቀኑ ሲቃረብ ተማሪው ቤቱን መሙላት ይጀምራል።

ቤት መሙላት ምን እንደሚመስል ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በግእዝ ቅኔ የየቤቱ መድረሻ ፊደል አንድ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ቤት «መንፈስ» ላይ ከወደቀ ሁለተኛውም «ስ» ይፈልጋል። እዚህ ላይ ሰነፍ ተማሪ ትልቅ ጎተራ አለው፤ ከግሪክ የመጡት ስሞች በብዛት በ«ስ» ያልቃሉና። ጴጥሮስ አለ፣ ጳውሎስ አለ፣ ጊዮርጊስ አለ። «ል» ከጠፋው ደግሞ ሚካኤልን፣ ገብርኤልን፣ ሩፋኤልን ይጠራል። ቤቱ መታ፣ ዜማውም ሞላ፤ ያልተማረ ሰው «አቤት!» ይላል። የጠገበ አስነጋሪ ግን ዝም ብሎ ሰምቶ ሲያበቃ «ጊዮርጊስ እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ ይጠይቃል። የሚያዝያ 23 ቀን ቅኔ ከሆነ፣ ፈረሱም ጦሩም ደራጎኑም ከምሥጢሩ ጋር ከተያያዙ ጊዮርጊስ ሥራ አለው። ስሙን አውጥተህ ሌላ በ«ስ» የሚያልቅ ስም ብታስገባበት ቅኔው ምንም የማይጎድለው ከሆነ ግን ሰማዕቱ የተጠራው ለቤት መምቻ ብቻ ነው። የሰው ቅኔ ስሰማ መጀመሪያ የማደርገው ሙከራ ይህ ነው። ከሰምና ወርቁ ጥልቀት በፊት ይህን ማለፍ አለበት።

እንግዲህ ከዚህ የሚወለደውን ግብ ተመልከቱ። ትናንት በዚህ የተያዘ ተማሪ ዛሬ «የቅዱስ ስም ለቤት መምቻ ሳልጠራ አንድ ጉባኤ ቃና እቆጥራለሁ» ቢል፣ ይህ ልጅ ተስፋ አለው እላለሁ። ግቡ ትንሽ ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ። ግን ከራሱ ስሕተት የወጣ ነው፣ በራሱ እጅ ነው፣ ማታ ደግሞ መሆን አለመሆኑ ይታወቃል። ያስቸግራልም። ጎተራው ሲዘጋበት ግስ ፍለጋ ይወጣል።

ግሱም ሌላ መታያ ነው። «ቀደሰ»ን እንደ «ቀተለ» የሚያረባ ተማሪ ብዙ ነው። «ቀተለ» በትንቢቱ «ይቀትል» ይላል፤ «ቀደሰ» ግን «ይቄድስ» ነው። ልጁ «ያመሰግናል» ለማለት ፈልጎ «ይቀድስ» ካለ «ያመስግን» ብሏል፤ ወሬ ሊነግር የተነሣው ትእዛዝ ሰጥቶ ቁጭ አለ። አንዲት ፊደል ከኀምስ ወደ ግእዝ ብትወርድ ምሥጢሩ ሁሉ ይፈርሳል። እንዲህ ያለ ተማሪ «በርትቼ ግስ አጠናለሁ» ቢለኝ አላምነውም። «በዚህ ሳምንት በቀደሰ ቤት ያሉትን ግሦች ብቻ ይዤ፣ በየቅኔዬ አንድ አንድ አስገባለሁ» ቢለኝ ግን አርብ ማታ ሄጄ ብሰማው ደስ ይለኛል።

አሁን ወዳልተጠበቀ ቦታ ልሻገር። ቁማርን ከቅኔ ጋር በአንድ ገጽ ማዋሌ የሚከፋው አይጠፋም፤ ይቅርታ እየጠየቅሁ እቀጥላለሁ፤ ምክንያቱም የግብ አወጣጥ በሽታ ጎልቶ የሚታየው ፖከር በሚባለው የካርታ ጨዋታ ላይ ነው። በፖከር የተሻለ ተጫዋች ለመሆን የሚፈልግ ሰው ግብህ ምንድን ነው ሲባል ገንዘብ ይጠራል፤ «በወር ይህን ያህል አሸንፋለሁ» ይላል። የቅኔው ተማሪ የተመኘው መወድስ ቢያንስ የኔታ በሚባሉ፣ በሚያውቅ ሰው እጅ ነው። የፖከሩ ግን በ52ቱ ካርታ እጅ ነው። ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው ዓይነት ከሁሉ የሚበልጠው መነሻ ሁለት አስ ነው፤ የሚደርሰውም በአማካይ ከ221 እድል አንድ ጊዜ ነው። ሁለት አስ የያዘ ሰው ሁለት ንጉሥ ከያዘ ሰው ጋር ገና አንድ ካርታ ሳይገለጥ ያለውን ሁሉ ቢወራረድ ከመቶ 82 ጊዜ ያህል ያሸንፋል። የቀረውን 18 ጊዜ ያህል ምንም ሳያጠፋ ባዶ እጁን ይነሣል። ታዲያ በዚያ ምሽት ኪሱን ቆጥሮ «ዛሬ መጥፎ ተጫወትሁ» የሚል ሰው ምን ተማረ? ተቃዋሚውስ «ጎበዝ ነኝ» ብሎ ቢሄድ?

እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ባለሙያ በኢንተርኔት ርካሽ ማጣሪያ አልፎ በላስ ቬጋስ የዓለም ውድድር ገባና 2.5 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ስንቱ ሰው «እንደሱ» ብሎ ግብ አወጣ! «እንደሱ» ግን ነገ ማታ ሁለት ካርታ ሲደርስህ ምን አድርግ አይልም። «ለጥምቀት ሥላሴ» ያለው ልጅ በምን ይለያል?

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ዐይኔን የከፈተው የኮምፒውተሩ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሊብራተስ የተባለ ፕሮግራም ፒትስበርግ ላይ አራት የታወቁ ተጫዋቾችን ገጥሞ በ20 ቀን 120,000 ዙር ተጫውቶ ረታ። ይህን ያህል ዙር ያስፈለገው እድልና ችሎታ በአጭር ጊዜ ስለማይለዩ ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ጥቂት ዙር የሚጫወት ሰው በወር መጨረሻ ኪሱን ቢመረምር የሚያየው እድሉን ነው ማለት ነው። ፕሮግራሙ ራሱን ያሠለጠነበት መንገድ ደግሞ አስገራሚ ነው። ከራሱ ጋር እየተጫወተ በየውሳኔው «እዚህ ጋ ሌላውን መርጬ ቢሆን ምን ያህል ይሻለኝ ነበር?» እያለ የጸጸቱን መጠን ይመዘግብና ያን ጸጸት ለመቀነስ ይሠራል። በሁለት ዓመቱ ስድስት ሆነው የሚጫወቱበትን ጨዋታ ያሸነፈው ፕሉሪበስም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። አስነጋሪው «ጊዮርጊስ እዚህ ምን ይሠራል?» ሲል የሚጠይቀው ያንኑ አይደል? እዚህ ቦታ ላይ፣ በዚህች ቃል ፈንታ፣ የተሻለ ምን ነበረህ?

ስለዚህ የፖከር ተጫዋች ግቡን ጽፎ ቢያሳየኝ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው፤ «ከሌሎቹ ቀድሜ በምወስንበት ወንበር ላይ ስቀመጥ ደካማ ካርታ እጥላለሁ።» «ከመወራረዴ በፊት ተቃዋሚዬ ምን ሊይዝ እንደሚችል በልቤ እናገራለሁ።» «ትልቅ ገንዘብ ከተበላሁ ንዴቴ እስኪበርድ ከጠረጴዛው እነሣለሁ።» ሦስቱም ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ሊፈጸሙ ይችላሉ። ሦስተኛውን በተለይ አከብረዋለሁ፤ ራሱን የሚያውቅ ሰው ግብ ነው። «ለቤት ኪራይ ያስቀመጥኩትን አልነካም» የሚል ካለበት ደግሞ ከሁሉ በላይ አስቀምጠዋለሁ።

ግን የፖከሩ ተጫዋች አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ነገራ የለውም። ብቻውን አቅዶ፣ ብቻውን ፈጽሞ፣ ብቻውን ይፈርዳል። በቅኔ ቤት ይህ አይቻልም። የቆጠርኸውን ጥሻ ውስጥ ብቻህን ስትለው ሁልጊዜ ያምራል፤ ድምፅ አውጥተህ ከሚያውቅ ሰው ፊት ስትቆም ነው ጉድፉ የሚታየው። ስለዚህ የማንንም ዕቅድ ስመዝን «ማን ይሰማሃል?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልስ ከሌለው ግቡ የቱንም ያህል ቢያምር ግማሽ ነው። ብልህ የካርታ ተጫዋቾችም ይህን ስለሚያውቁ ያመነቱባቸውን ጥቂት ውሳኔዎች ጽፈው ከነሱ ለሚሻል ሰው ያሳያሉ። ያሸነፉባቸውን ብቻ መርጠው የሚያሳዩ ከሆነ ግን ጭብጨባ ፍለጋ ነው።

የሰሚውም ጥራት ይታያል። መጥፎ አስነጋሪ የተሳሳተውን ሁሉ እሱው አቃንቶ ይሰጣል፤ ተማሪው የሰው ቅኔ ይዞ ይሄዳል። ጥሩው የተሳሳተበትን ቦታ አሳይቶ «ሂድና ቁጠረው» ይላል። ልጁም ቢሆን «እሺ የኔታ» ብሎ በማግስቱ ያንኑ ቅኔ አቃንቶ ካልመጣ፣ ሌላ አዲስ ይዞ ከመጣ፣ ይሸሻል ማለት ነው።

አቋራጭ የሚፈልግ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ አለ። የአብሾን ነገር ያልሰማ የለም፤ አእምሮ ይከፍታል ተብሎ ተማሪ ሲወስደው ኖሯል፤ መርዛም ተክል መሆኑንም የሚያውቅ ያውቃል። የአብሾ ወሬ ከአንደበቱ የማይጠፋ ተማሪ ሳይ ግቡን መጠየቅ አያስፈልገኝም። የዛሬው ካርታ ተጫዋች አብሾ «ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ዘዴ» ተብሎ የሚሸጠው ነው።

መምህር መቀያየርስ? የጎጃም ተማሪ ከቤት ቤት መዞሩ የታወቀ ነው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዋድላ እየተባለ የሚጠራው የቅኔ ስልት ልዩነትም ይህን ዙረት ትርጉም ይሰጠዋል። ከደብረ ኤልያስ ተነሥቶ ወደ ሌላ የሚሄደውን ልጅ «ምን ልታመጣ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «እዚያ ስም አለ» ካለ፣ መንገዱ ያደክመዋል እንጂ ቅኔው አይለወጥም። «አንድ ቃል ሁለት ትርጉም በሚይዝበት በኅብር ላይ እጄ አጭር ነው፤ እዚያ ያሉት መምህር ደግሞ በኅብር ይራቀቃሉ» ካለ አንድ ቁራሽ ጨምሩለት።

በመጨረሻ፣ ከመልካም ግቦችም መካከል የሚበላለጥ አለ። ቅኔ በማኅሌት አንዴ ከተባለ አይደገምም፤ ለሚቀጥለው በዓል አዲስ መቆጠር አለበት። ግብም ከተፈጸመ በኋላ የሚንጠለጠልበት ሰው አለ፤ ቅዱስ ስም ሳይጠራ መቁጠርን ከቻለ ወራት አልፎታል፣ አሁንም ማታ ማታ ያንኑ ይዞ ይመጣል፤ ስለማይሳሳትበት ደስ ይለዋል። ካርታ ላይም ደካማ ካርታ መጣልን የለመደ ሰው ዓመት ሙሉ እየጣለ ብቻ ይቀመጣል። እንዲህ ያለውን አስነጋሪው ጉባኤ ቃናውን በሙሉ ሳያስጨርስ «ይኸን ታውቀዋለህ፤ ነገ ዘአምላኪየ ይዘህ ና» ብሎ ሲያሰናብተው፣ ልጁ ፊቱ ቢጠቁርም፣ እኔ ፍርዱን ከአስነጋሪው ጋር አደርጋለሁ።