ልብ የማይሰቅለው ትሪለር

«ጃሎ» በጣሊያንኛ ቢጫ ማለት ነው። ስሙ የመጣው ሞንዳዶሪ የተባለው አሳታሚ ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቢጫ ሽፋን ካወጣቸው የወንጀል ልቦለዶች ነው። ወደ ሲኒማ ሲገባ ግን፣ በተለይ በማሪዮ ባቫ እጅ፣ «ገዳዩ ማነው?» የሚለው ጥያቄ ለቀለምና ለብርሃን ቦታ ለቀቀ። እኛ ጋ ለዚህ ዓይነቱ ፊልም የሚቀርብ ዘመድ ቢፈለግ፣ ብዙ ያልተወራለት የስፔናዊው ሚጌል ያንሶ «ኢየሱስ ወደ አውራ ጎዳናው መንገዱን ያሳይሃል» (2019 እ.ኤ.አ.) ነው።

ዘመኑ 2035 ነው። የሲአይኤ ሰላዩ ጋጋኖ (ዳንኤል ታደሰ) ሥራውን ለቆ ከሚስቱ ጋር የራሱን ንግድ መክፈት ይፈልጋል። መጀመሪያ ግን ሳይኮቡክ የተባለውን ሲስተም የወረረውን «ሶቪየት ኅብረት» የሚሉትን ቫይረስ ማጥፋት አለበት። ቫይረሱ የሚመጣው የስታሊንን ፊት ለብሶ ነው።

ይሄን ሰምታችሁ ትንፋሽ የሚያሳጥር ነገር ከጠበቃችሁ፣ የለም። ያለው መልክ ነው። ሲስተሙ ውስጥ የገቡት ሰዎች የታዋቂ ሰው ፎቶ የታተመበት ጭምብል ያጠልቃሉ፤ የጋጋኖ የሪቻርድ ፕራየር ነው። ሲንቀሳቀሱ ደካማ ኔትወርክ ላይ እንዳለ ቪዲዮ ይቆራረጣሉ። ድምፁም እንደ ድሮ የጣሊያን ፊልሞች በኋላ የተቀዳ ስለሆነ ከከንፈር ጋር አይገጥምም። ኮድ እየጻፍኩ ነው የምኖረው፤ ዲጂታሉን ዓለም የሚያብለጨልጭ አድርገው የሚያሳዩ ፊልሞች ይሰለቹኛል። ይሄኛው እንደሚሰናከል፣ እንደተጣጣፈ ነገር ያሳየዋል። ልክ ነው።

አዲጋላን ለሚያውቅ ሰው ይህ ዓይነቱ ወደፊት እንግዳ አይደለም። በፈረንሳዮች ዘመን የተዘረጋው የባቡር መስመርና በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ያንኑ በረሃ ነው የሚያቋርጡት። አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን ጠርጎ አልመጣም።

ድክመት አለው። «ቤታ ኢትዮጵያ» የሚለው ክፍል ላይ፣ የባትማን ዓይነት ልብስ የለበሰው ባትፍሮ ሲመጣ፣ ቀልዱ ለውጭ ፌስቲቫል ተመልካች የተቀመመ ይመስላል፤ አገራችን ጌጥ ትሆናለች።

ሚዛኑን የሚመልሰው ዳንኤል ነው። የሰውነቱ አቋም በተለመደው የጀግና ልክ የተሰፋ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ቢሆን ማሳቂያ ያደርጉት ነበር። እዚህ ሰላይ ነው፣ ባል ነው፣ ሕልም ያለው ሰው ነው። ፊልሙ ስለ አቋሙ ማብራሪያ አይሰጥም፣ ይቅርታም አይጠይቅም። ታሪኩ «ቀጥሎ ምን ይሆን?» እያለ ቢያጣድፈን ኖሮ በዚህ ሰው ላይ ዓይናችንን ለማሳረፍ ጊዜ አናገኝም ነበር። ስታዩት ሴራውን ለመፍታት አትድከሙ፤ እሱን ተከተሉ።