ጠባብ ክፍልና ግዙፍ እስፒከር

በአገራችን የሙዚቃ ሒስ በአብዛኛው የሚያተኩረው በዜማው፣ በግጥሙና በድምፃዊው ላይ ነው። ሙዚቃው ከአድማጭ ጆሮ የሚደርስበት ክፍል ግን የሒስ ርእስ ሆኖ ሲነሣ እምብዛም አይታይም። ይሁንና አንድን ሥራ ከሚያሳምሩትም ሆነ ከሚያበላሹት ነገሮች አንዱ ይኸው ክፍል ነው።

በዝንጅብሏ የምትታወቀውን ሀደሮን እንውሰድ። በእርሷም ሆነ በዱራሜና በሆሳዕና አካባቢ ባሉ ከተሞች አነስተኛ መሰብሰቢያ ክፍል ማለት ብዙውን ጊዜ የጭቃ ወይም የብሎኬት ግድግዳ፣ የሲሚንቶ ወለልና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ጥግ ላይ ቁመቱ ሰው የሚያህል እስፒከር ሲገተር፣ ባለቤቱ ስለ ዕቃው የሚናገረው የዋቱን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ግን አታላይ ነው። የአምፕሊፋየሩ ኃይል እጥፍ ቢሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ሲሆን፣ ጆሮ ድምፁ እጥፍ ሆነ እንዲል 10 ዴሲቤል ያህል፣ ይኸውም ዐሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ100 ዋት ወደ 200 ዋት የተሸጋገረ ሰው ያተረፈው ከሙዚቃው ይልቅ ወጪውን ነው። አድማጩ ሦስት ሜትር ርቆ በሚቀመጥበት ክፍል ደኅና እስፒከር በአንድ ዋት እንኳ ከተራ ጭውውት የላቀ ድምፅ ያሰማል።

ትልቁ ችግር ወፍራሙ ድምፅ ነው። 5 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ክፍል በ34 እና በ43 ኸርዝ አካባቢ ራሱ ያስተጋባል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ስለሆነ፣ ያ ኖታ በተመታ ቁጥር ክፍሉ አብሮ ያጓራል። እስፒከሩ ጥግ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ይብሳል።

ሰሌዳ መሰል እስፒከሮች በዚህ ረገድ ትምህርት ይሰጣሉ። እንግሊዛዊው ፒተር ዎከር እ.ኤ.አ. በ1957 ለገበያ ያቀረበው ኳድ፣ እንዲሁም አሜሪካዊው ጂም ዋይኒ በ1969 የመሠረተው ማግኔፓን የሚሠሩት ሳጥን የላቸውም፤ ድምፁን የሚያወጣው የተወጠረ ስስ ሽፋን ነው። ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንጂ ወደ ጎን እምብዛም አያሰሙም፤ ስለሆነም የጎን ግድግዳዎች ቃሉን አያደበዝዙትም። ዋጋውን ግን ያስከፍላሉ። ከኋላ የሚወጣው ድምፅ ተንጸባርቆ እንዳይረብሽ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር መራቅ አለባቸው፤ በ5 ሜትር ክፍል ይህ አንድ አምስተኛ ነው። ኃይልም ይወዳሉ፤ የማግኔፓን ሰሌዳ 4 ኦም ገደማ ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ ብዙ ዋት የተጻፈበት ነገር ግን ከረንት የሚያንሰው አምፕሊፋየር ሲጨነቅ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጣል። የተቆረጠ ሞገድ ጆሮን ይቧጥጣል። እንግዲህ ለጠባብ ክፍል ትልቅ ሰሌዳ ማስገባት ይቻላል ቢባልም፣ እኔ ግን ቦታ ለሌለው ሰው አልመክርም።

ይህ ሁሉ የመሣሪያ ወዳጆች ጨዋታ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። በሀደሮ የሚነገረው ከምባትኛ ጠባዩ ስስ ነው። በቃል መጨረሻ ያለ አጽንኦት የሚመጡ አጫጭር አናባቢዎች በሹክሹክታ ይነገራሉ፤ የወንዴ ስም ተሳቢ ሲሆን አጽንኦቱ መጨረሻው ላይ ይወድቃል፣ ባለቤት ሲሆን ግን ከዚያ ይቀድማል። ማን ማንን እንዳደረገ የሚነግረን ይህ ጫፍ ነው። ክፍሉ በሚያጓራበት ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋውም እርሱ ነው። ገጣሚው ሲያነብ፣ አስተዋዋቂው ሲናገር፣ ሕዝቡ የሚሰማው የቃሉን ወገብ ብቻ ይሆናል፤ ለቋንቋው ሥነ ጽሑፍ ማደግ የሚደክሙ ሰዎች ሥራ በሁለት ሳጥኖች ይዋጣል።

ስለሆነም በእንዲህ ያለ አዳራሽ የቀረበን ዝግጅት የሚገመግም ሐያሲ ከፊት ወንበር ይልቅ ከኋለኛው አግዳሚ ተቀምጦ የቃላቱን መድረሻ ቢከታተል ይበጃል። አዘጋጆቹም አዲስ ዕቃ ከመግዛታቸው በፊት እስፒከሮቹን ከጥግ ያውጧቸው፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ ከኋላ ባለው ግድግዳም ላይ ወፍራም መጋረጃ ያድርጉ፤ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርገው ያንኑ ግጥም እንደገና ያስነብቡ።