ጽዋ የሌለው ማኅበር

ሰካራም ከጥበባችን ጠፍቶ አያውቅም። በመድረክ ላይ እየተንገዳገደ ያስቀናል፤ በጠላ ቤት አዝማሪው ያሞግሰዋል፤ ልብ ወለዱም ሌሊቱን ሙሉ ተከትሎት ያድራል። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃን ሌሊት ሳይሸፋፍን አሳይቶናል። ሌሊቱን የሚጽፍ ብዕር አላጣንም። ያጣነው ማለዳውን የሚጽፍ ነው፤ ሰውየው «በቃኝ» ያለበትን፣ ያቃተውን፣ እንደገናም የሞከረበትን ማለዳ። ጉዳቱ ደግሞ በሥነ ጽሑፉ ላይ ብቻ አይቀርም። ማንም ያልተረከው መንገድ ለመንገደኛው አይታየውምና።

ሐሙሲትን እንውሰድ። ከባሕር ዳር ወደ ወረታና ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ ስሟን ከሐሙስ ገበያዋ ያገኘች የደራ ከተማ ናት። አካባቢው ዳጉሳ ያበቅላል፤ ከዳጉሳው ጠላም አረቄም ይወጣል። ጠላ በአልኮል መጠኑ ከቢራ ብዙ አይርቅም፤ ዳግም የወጣ አረቄ ግን ከመቶ 40 እጅ ሊያልፍ ይችላል። አውጪዋ ብዙውን ጊዜ ልጆቿን በዚያው የምታሳድግ እናት ናትና በእርሷ ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። ለመሆኑ በዚህች ከተማ አንድ ሰው «መጠጥ ይብቃኝ» ቢል ወዴት ይሄዳል?

ባህላችን ባዶ እጁን አይሰደውም። ጸበል አለ፤ ግዝትም አለ። ሰውየው ከንስሐ አባቱ ፊት ቀርቦ «ይገዝቱኝ» ይላል፤ ዳግመኛ ላይቀምስ ቃል ይገባል። በዚህ መንገድ ቤታቸውን ያቀኑ አሉ። ጥያቄው ግዝቱ የፈረሰ ዕለት ምን ይሆናል የሚለው ነው። የዕድሜ ልክ ቃል በአንድ መለኪያ ይፈርሳል። ያን ጊዜ ሰውየውን ከአረቄው ይበልጥ የሚጥለው ኀፍረቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጇን አትዘጋበትም፤ እርሱ ግን የንስሐ አባቱን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። በመጨረሻ የማያፍረው ወዳጅ መለኪያው ብቻ ይሆንና ወደዚያው ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ፣ በአክረን ከተማ የተገናኙት ቢል ዊልሰንና ሐኪሙ ቦብ ስሚዝ የመሠረቱት «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በ1939 ባሳተሙት መጽሐፍ 12 ደረጃዎችን አስቀመጡ። ክፍያ የለም፤ መግቢያው መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው። ቃሉም የዛሬ ቃል ነው፦ ዛሬን አልጠጣም። የወደቀ አይባረርም፤ ተመልሶ ወንበሩን ይይዛል፤ ቀኑንም ከአንድ ይቆጥራል።

ስብሰባውን በሐያሲ ዓይን ላየው ሰው አንድ የትረካ ዓይነት ነው። ተናጋሪው ምን እንደነበረ፣ ምን እንደደረሰበት፣ ዛሬ እንዴት እንደሆነ ይናገራል። ሌላው ያዳምጣል እንጂ አይፈርድም። ይህ ቅርጽ ለእኛ እንግዳ ነው። የደጋው ሰው ጀግንነቱን በፉከራ ለአደባባይ፣ ድካሙን በንስሐ ለአንድ ካህን መናገር ያውቃል። ድካምን በእኩዮች ፊት መናገር ግን ገመናን ማውጣት ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንደበት ሰም የሌለው ወርቅ ይከብደዋል።

ይሁን እንጂ ግማሹ ሥራ በእጃችን ነው። የጽዋ ማኅበር የማይታጠፍ ቀን አለው፤ ተረኛ አለው፤ ሙሴ አለው። የቀረ «ምነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የታመመ ይጎበኛል። ለሚያገግም ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ? እንቅፋቱ መካከል ላይ የተጎለተው ጋን ነው። «አልጠጣም» ያለ ማኅበርተኛ «ለቅዱሱ እንኳ?» ይባላል፤ ሰውየውም ወይ ይጠጣል፣ ወይ ከማኅበሩ ይቀራል። ጠላው በብርዝ ወይም በቡና ቢተካ ከማኅበሩ ምን ይጎድላል? ዝክሩ ለመታሰቢያው እንጂ ለስካር አልተሠራም።

በአዲስ አበባ የአክረኑ ማኅበር ስብሰባዎች ሲካሄዱ ቆይተዋል፤ አማኑኤል ሆስፒታልም የሱስ ሕክምና ይሰጣል። ከሐሙሲት ተነሥቶ ግን በየሳምንቱ አዲስ አበባ የሚመላለስ የለም። «ስም አይነገር» የሚለው ደንብም በትንሽ ከተማ ይቸግራል፤ ማን ወደ ማን ቤት እንደገባ ገበያው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ እዚያ በመሐላ መጠበቅ ያለበት ስሙ ሳይሆን የተነገረው ነገር ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አይታለፍ፤ ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም እስከ ሞት የሚያደርስ መንቀጥቀጥና መቃዠት ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይታይ። ማኅበር ሐኪምን አይተካም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከአውራ ጎዳና አስወግዷል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። መልካም ነው። ነገር ግን አረቄ ዱሮም ማስታወቂያ አላስፈለገውም፤ ሲያስተዋውቀው የኖረው ጨዋታችን፣ ዘፈናችንና «ለቅዱሱ እንኳ» የሚለው አንደበታችን ነው።

እንግዲህ ሥራው ለሁለት ይከፈላል። ደራሲው ማለዳውን ይጻፍ፤ ሰካራሙን ከመሳቂያነት አውጥቶ፣ ወድቆ የሚነሣ ባለታሪክ ያድርገው። ማኅበርተኛውም ጋኑን ወደ ጓዳ ይመልስ። የአክረኑ ማኅበር የተጀመረው በሁለት ሰዎች ነው፤ ለሐሙሲትም ለመጀመሪያው ቀን ሁለት በርጩማና አንድ ጀበና ይበቃታል።