የሚላክ ልጅና የሚፈተን ልጅ

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋሞች የሕፃናት ሥነ ልቡና ሲሰጥ በአብዛኛው መነሻ የሚሆነው ዣን ፒያዤ በስዊዘርላንድ ሕፃናት ላይ ያካሄደው ጥናት ነው። የጥናቱ ታላቅነት አያከራክርም። የሚያከራክረው የአንድ አካባቢ ሕፃን የሕፃናት ሁሉ መለኪያ ተደርጎ መወሰዱ ነው።

ሮበርት ሰርፐል በ1993 እ.ኤ.አ. ስለ ትምህርት ቤት ፋይዳ ያሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ጥያቄ ያነሣል። በምሥራቅ ዛምቢያ የሚኖሩት ቼዋዎች «ንዜሉ» የሚሉት ብልህነት ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይይዛል፤ ይኸውም «ኩቼንጄላ»፣ ማለት የአእምሮ ቅልጥፍናና «ኩቱሚኪላ»፣ ማለት ሲላክ ኃላፊነቱን መወጣት ነው። ትምህርት ቤት ግን የሚለካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

መለኪያው ራሱም አድልዎ እንዳለበት ይኸው ተመራማሪ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት አመልክቷል። የዛምቢያ ልጆች ሽቦ አጥፈው ቅርጽ ሲሠሩ የእንግሊዝ ልጆችን በለጡ፤ በእርሳስና በወረቀት ግን እንግሊዞቹ በለጡ። ሁለቱም የበለጡት በለመዱት ነገር ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ተልኮ የተመለሰ ልጅ «እደግ!» ተብሎ ይመረቃል። መልእክቱን ሳያዛንፍ ለጎረቤት ያደረሰ፣ የገበያውን ሒሳብ አስተካክሎ የመለሰ ልጅ፣ በማግሥቱ በክፍል ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ዝም ሲል «ደካማ» ተብሎ ይመዘገባል። በቤቱ አክብሮት የነበረው ዝምታ በመዝገቡ ላይ ድንቁርና ይሆናል።

ሆኖም ከመጽሐፉ የሚገኘው ሐሳብ ሳይመረመር ቢወሰድ ሌላ ስሕተት ያስከትላል። ታዛዥነት ሁሉ ብልህነት አይደለም። ውኃ ለመቅዳትና እንጨት ለመልቀም ዘወትር የምትላክ ልጃገረድ ምርቃት ብታገኝም የምታጠናበት ሰዓት አይተርፋትም። ስለዚህ አገር በቀል አስተሳሰብን ማስተማር ማለት ማወደስ ሳይሆን መመርመር ነው።

መጽሐፉ የማሠልጠኛ መመሪያ ባለመሆኑ ሥራው የአሠልጣኞች ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ጥቂት አንቀጽ መጨመር አይበቃም። ሠልጣኙ በማስተማር ልምምድ ጊዜ ወላጆችን «ቁም ነገር ያለው መልእክት ቢኖርዎ ማንን ይልካሉ? ስለምን?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ከክፍሉ ውጤት ጋር ያስተያይ። ሁለቱ ዝርዝሮች የማይገጥሙበት ቦታ የሥነ ልቡናው ትምህርት እውነተኛ መጀመሪያ ነው።